ቁስለኛው ዓሣ በጨው ባሕር ውስጥ

ጨው ቁስልን ሲነካው እንዴት እንደሚለበልብ ያልቀመሰ ሰው የለም። ታዲያ ዕድሜውን ሁሉ በጨው ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ በጠላቱ ጥርስ ተቦጭቆ ሲቆስል እንዴት ይድን ይሆን?

በሃዋይ ደሴቶች አጠገብ ከሚጠመዱት፣ ቱና ከሚባሉት ትልልቅ ዓሦች አንዳንዶቹ በሲኒ አፍ ተለክቶ የተቆረጠ የሚመስል ክብ ጠባሳ ይታይባቸዋል። የዚህ ጠባሳ ነገር ብዙ ካከራከረ በኋላ ኤቨረት ጆንስ የተባለው ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ጥፋተኛውን በማስረጃ አመለከተ። ይኸውም ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ትንሽ ሻርክ ነው። ከንፈሩን እንደ ዋግምት ቀንድ ያጣብቅና ተሽከርክሮ ሥጋውን ቦጭቆ ይሄዳል። ተነካሹ ግን ብዙውን ጊዜ ጠባሳውን ተሸክሞ ይኖራል።

ለቁስለኛው ዓሣ አደጋው የደም መፍሰስ ብቻ አይደለም። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖር፣ በዓሣው ደም ውስጥ ያለው ጨው የዚያን ሢሶ ያህል ብቻ ነው። ቋንጣ ላይ የተነሰነሰ ጨው የሥጋውን ውሃ ስቦ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ባሕሩም በተከፈተው ቁስል በኩል የዓሣውን ውሃ ይመጥጣል። እንግዲህ ዓሣው በውሃ መካከል ሳለ ሊደርቅ ነው!

ስለዚህ ዓሣው አስቀድሞ በሩን ይዘጋል፤ ቤቱን የሚያድሰው ከዚያ በኋላ ነው። ገላውን የሚያሙለጨልጨው ዝልግልግ ፈሳሽ ተሕዋስያንን የሚገድል ንጥረ ነገር ስላለበት ቁስሉን ይጠብቃል። በቁስሉ ዳር ያሉት የቆዳ ሕዋሳትም ከሥፍራቸው ተንቀሳቅሰው በላዩ ይዘረጋሉ። የእኛ ቁስል ቅርፊት አውጥቶ ቀናት ሲጠብቅ፣ የዓሣ ትንሽ ቁስል ግን ያለ ቅርፊት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሸፈናል። ከሥር ያለው ሥጋ የሚሞላው ቀስ በቀስ፣ በሳምንታትና በወራት ነው።

ነገር ግን ጥርሱ ስንጥቡን፣ አከርካሪውን ወይም የሆድ ዕቃውን ካገኘው የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው። ደክሞ የቀረውንም ሌላ አዳኝ ፈጥኖ ይደርስበታል።

አንባቢ ሆይ! ዓሣ አጥምደው መልሰው ሊለቁት ቢያስቡ፣ ባሕርም ሆነ ሐይቅ፣ አስቀድመው እጅዎን በውሃ ያርጥቡ። ደረቅ እጅና ጨርቅ ያንን ዝልግልግ ልባስ ይገፉታል። ያለ እርሱ የተለቀቀ ዓሣ ሲዋኝ ቢያዩትም ደኅና ነው ማለት አይደለም።