ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ

«ወንዝ ሽቅብ አይፈስም» ብሎ የሚከራከራችሁ ሰው ቢኖር፥ በካናዳ ወደምትገኘው የወደብ ከተማ ወደ ሴንት ጆን እንዲሄድ ምከሩት። በዚያ 670 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው የሴንት ጆን ወንዝ በጠባብ የድንጋይ ገደል አልፎ ከፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ጋር ይገናኛል። ባሕሩ ሲጎድል ወንዙ እየተናጠ ቁልቁል ይወርዳል። ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው ባሕሩን ሲያስነሡት ግን ውኃው እስከ 8 ሜትር ከፍ ይልና ወንዙን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ይህም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያህል ይደጋገማል።

ሥፍራው «ተገላባጭ ፏፏቴ» መባሉ፥ በእኔ አስተያየት፥ እንግዳን ያሳስታል፤ ከከፍታ የሚወረወር ውኃ በዚያ የለምና። ከአውቶቡስ ወርዶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ በሩብ ሰዓት የሚመለስ ጎብኚ «ፏፏቴው የታለ?» ብሎ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ያየው የነገሩን እኩሌታ ነው። ሌላውን እኩሌታ ለማየት 6 ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይሄድ ይሻለዋል።

እናንተስ ብትሄዱ የትኛውን ታስቀድሙ ነበር? እኔ መካከሉን እመርጣለሁ። ወንዙና ባሕሩ እኩል ሲሆኑ፥ ያ ሁሉ ሲናጥ የነበረ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ጸጥ ይላል። ጀልባዎችም በገደሉ ለማለፍ የሚጠብቁት ይህችኑ ጊዜ ነው።