መኪናው እምቢ ሲል

ክረምት ነው። ከቡሬ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር በሽተኛ አሳፍሮ፣ በጎሬ በኩል ወደ መቱ ሊነሳ ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል። መኪናው «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ሰው ሁሉ «ባትሪው ሞቷል» ይላል። ቆይ እስቲ! በዚህ ወሬ ስንቱ ባትሪ በከንቱ ተገዛ።

መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ካልደከመ ሞተሪኖው ይታይ። ከደከመ ግን ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሽቦው በደንብ አልያዘም። የኢሉባቦር ዝናብ ብዙ ነው፤ ርጥበት ብረት ይበላል። የባትሪውን ሁለት ራሶች እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይዘዋል? ሽቦው ይነቃነቃል? እንግዲያው ነገሩ እዚያ ነው።

ቁልፉን አጥፉ። መጀመሪያ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረውን ሽቦ ፍቱ፤ ሲታሰር እሱ መጨረሻ ነው። ዱቄቱን በእጅ አትንኩ። በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ብረቱን ፋቁ፣ አድርቁ፣ አጥብቁ።

በጨለማ ክብሪት ጭሮ ባትሪ የሚያይ አለ። ወንድሜ፣ ተው! ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይፈነዳል። ውስጡ ያለውም አሲድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። ከነካችሁ ቶሎ በብዙ ውሃ ታጠቡ።

ባትሪው የደከመ ከሆነ መኪናውን ግፉት። ሾፌሩ ቁልፉን ከፍቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባ። መኪናው ሲሮጥ ፍሪሲዮኑን ይልቀቅ። ቡሬ እንደሆነ ቁልቁለት አያጣም።