በምን አወቅሽ?

እኛ የሳይንስ መምህራን፣ ተማሪ ከሰሌዳ ኖት ገልብጦ፣ ሸምድዶና መልስ አክብቦ የሚያልፍበት ትምህርት ይብቃ እንላለን። ፎቶሲንተሲስን በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ልጅ «ዛፍ ይህን ሁሉ ክብደት ከየት አመጣ?» ሲባል «ከአፈር» ይላል። በቃሉ ያጠናው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትዝ አይለውም። ለተናገረው ነገር ማስረጃ አምጣ ያለው ሰው የለማ!

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያዩትን እናንሳ። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ዶክተሩ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ ከላይ በኩል ግን እንዲያ አልነበረም። ማየታቸው ብቻ አልበቃቸውም፤ በሕይወት ያሉትን ከእንዶዱ አረፋ ጋር አገናኝተው ሞከሩ። ሞቱ። ከዚያ በኋላ የዓመታት ምርምር ተከተለ።

ይህን ታሪክ «የእንዶድን ጥቅም ያገኘው ማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ብቻ ማስተማር ያሳዝነናል። ተማሪዎቻችን ወንዙ ዳር ይቁሙ። አንዷ ተነሥታ «ውሃው ተበክሎ ቢሆንስ?» ትበል። ጓደኛዋ «ታዲያ ከላይ ያሉት ለምን ተረፉ?» ይበላት። እሷም «ከልብሱ የወጣው እድፍ ቢገድላቸውስ?» ብላ ትመልስ። ለዚህኛው ወንዙ ላይ የታየው ማስረጃ አይበቃም። ሦስት ጣሳ ያስፈልጋል፦ በአንዱ እንዶድ፣ በአንዱ እድፍ፣ በአንዱ ንጹሕ ውሃ፤ በሁሉም እኩል ቀንድ አውጣ። ይህን ለማሰብ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

አገራችን ሙግት አያንሳትም። በበላ ልበልሃ ችሎት አንደበተ ርቱዕ ይረታ ነበር። በሳይንስ ክፍል ግን ማስረጃ አይታ ሐሳቧን የቀየረች ልጅ ነጥብ ይሰጣት፤ ምን እንዳስቀየራት እስከተናገረች ድረስ። ድምፁን ከፍ ያደረገ፣ ጎበዝ የተባለ፣ ወይም መምህር ስለሆነ ብቻ ማንም አይርታ።

ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ መሆኑን እናውቃለን፤ በየቀኑ የምንቆመው እዚያው ነው። አራት አራት ሆነው ይከራከሩ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይመደብ። በፈተናም ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ የተሰጠበት፣ የሚደግፈውን ማስረጃና ምክንያቱን በሁለት መስመር የሚያስጽፍ አንድ ጥያቄ ይግባ። እርማቱ ያመሻል፤ እናመሻለን።