በሬሳ ሳይሆን በቁጥር እንማር

የአየር ጤና ሰዎች፣ የዕድሜ እኩዮቼ፣ የእድር ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ጉልበቴ ቢከዳኝም ድምፄ ገና አለና አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ።

በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ተኝቶ በዚያው የቀረ ሰው በየሰፈራችን ቀብረናል። ያፈነው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ይኸው ጋዝ ከቶር ኃይሎች እስከ ዓለም ገና ከሚሰለፈው የነዳጅ መኪና ሁሉ ይወጣል። ገላጣ መንገድ ላይ እንደ ዝግ ቤት ወዲያው አይገድልም። ልቡ የደከመ ሰው ግን በጥቂቱም ይጎዳል፤ የእኛን ልብ ደግሞ እናውቀዋለን።

ዓይናችሁን አትመኑ። አይሱዙ ጥቁር ጭስ ሲተፋ አፍንጫችንን እንይዛለን፤ ጥላሸቱ በእርግጥ ይጎዳል። ይህን ጋዝ አብዝቶ የሚያወጣው ግን ጭሱ ብዙም የማይታየው፣ በቤንዚን የሚሄደው አሮጌ መኪና ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ አሮጌ ሞተር በስስ አየር ነዳጁን በቅጡ አያቃጥልም። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ቀድሞ የገባው ግን አሁንም በደጃችን ያልፋል። በ2008 የተጀመረው የከተማ ባቡርም ቶር ኃይሎች ላይ ስለሚያበቃ ወደ እኛ አይደርስም።

ጠዋትንም አትመኑ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ብርዱ አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይደፋበታል። ፀሐይ እስክትበረታ ጭሱ መውጫ የለውም። ኪዳን አድርሰን በአስፋልቱ ዳር ስንመለስ ንጹሕ አየር ብለን የምንስበው ይህንን ነው። የ1911ን የኅዳር በሽታ እያሰብን ኅዳር 12 ቆሻሻ ስናጥንም ጭሱን በዚሁ ክዳን ሥር እንጨምራለን።

ዓይንም አፍንጫም ካልረዱን የሚረዳን ስሌት ነው። የካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያዘጋጀው ካላይን የተባለ የኮምፒዩተር ሞዴል አለ። መንገዱን በቁራጭ ቁራጭ ይከፍላል። የመኪናውን ብዛት፣ እያንዳንዱ የሚያወጣውን ጋዝ፣ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ የዚያን የአየር ክዳን ጽናት ተቀብሎ፣ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ስንት እንደሚደርሰው ያሰላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የ24 ሰዓት ልክ በሜትር ኪዩብ 4 ሚሊግራም ነው፤ ስሌቱ ከዚህ ጋር ይመዘናል። ነገር ግን ሞዴል ከሰጡት ቁጥር አይበልጥም። የሌላ አገር አዲስ መኪና ቁጥር ለእኛ አሮጌ ሚኒባስ ከተሰጠው፣ የሚመልሰው የሚያዘናጋ ውሸት ነው።

ስለዚህ አደራ። የእድር ድንኳን ከአስፋልት ዳር ይራቅ። በግቢ ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ አታቆዩ። የጠዋት እግር ጉዞ በውስጥ መንገድ፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ይሁን። መኪና የሚቆጥሩ፣ አየር የሚለኩ ወጣቶች ሲመጡ ወንበር አውጡላቸው። በሰፈር ስብሰባ መንገድ ይስፋ ከማለታችን በፊት አየሩ ይለካ፣ ይሰላ እንበል።

የከሰሉን ነገር በሬሳ ነው የተማርነው። የመንገዱን በቁጥር እንማረው።