ሦስት ዓመት የተሣለ፣ በአንድ ዓመት የሚገበር

ባሕር ዛፍ የተከለ አርሶ አደር ገንዘቡን የሚያየው እንጨቱ ለቆረጣ ሲደርስ ነው፤ እስከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። የሰዓሊም ኑሮ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለት ዓመት ሸራና ቀለም እየገዛ አንድም ሥዕል ሳይሸጥ ይቆይና በሦስተኛው ዓመት ዐውደ ርእይ አሳይቶ በርከት ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያገኛል። የገቢ ግብር ሕጋችን ግን ገቢን የሚመዝነው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው አንድ ዓመት ነው።

ሥዕል ሠርቶ መሸጥን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው ገቢው በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከንግድ ሥራ ገቢ፣ ማለትም ከሠንጠረዥ «ሐ» ይመደባል። በ2017 ዓ.ም በተደረገው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው ዓመታዊ መነሻ ከ7,200 ወደ 24,000 ብር ከፍ ብሏል። ከ168,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይገበርበታል።

በምሳሌ እንየው። የሒሳብ መዝገብ ይዞ በትርፉ ላይ የሚገብር ሰዓሊ ሁለት ዓመት ምንም ሳያገኝ ቆይቶ በሦስተኛው 240,000 ብር ቢያተርፍ 59,400 ብር ይከፍላል። ያው ትርፍ በየዓመቱ 80,000 ብር ሆኖ ቢገባለት ኖሮ የዓመቱ ግብር 10,000፣ የሦስቱ ዓመታት ድምር 30,000 ብር ይሆን ነበር። ድካሙም ትርፉም እኩል ሆኖ ሳለ ግብሩ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። አዋጁ ኪሳራን ወደ ቀጣይ ዓመታት ማሸጋገርን ይፈቅዳል፤ ይህ ግን የሸራና የቀለም ወጪን ያቃልል እንደሆነ እንጂ በባዶዎቹ ዓመታት ሳይጠቀምበት የቀረውን ነፃ መነሻ አይመልስለትም።

ብሪታንያ ለዚህ መላ አበጅታለች። አርሶ አደሮች የሁለት ወይም የአምስት ዓመት፣ ሰዓሊያንና ደራሲያን ደግሞ የሁለት ዓመት ትርፋቸውን አማካይ አስልተው እንዲገብሩ ሕጓ ይፈቅዳል። ገበሬና ሰዓሊ በአንድ ሚዛን መታየታቸው ለእኔ የሚያስገርም አልሆነም። ሜክሲኮ እንዲያውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ ሠዓሊያን ግብራቸውን በሥዕሎቻቸው እንዲከፍሉ ፈቅዳለች።

በጸሐፊው እምነት ሰዓሊን ከግብር ነፃ ማድረግ አያስፈልግም፤ አማካዩን ማስላት ይበቃል። ይሁንና አማካይ የሚወጣው ከመዝገብ ነው። ሥዕል በእጅ በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ ያለፉት ዓመታት ባዶ እንደነበሩ ሰዓሊው በምን ያስረዳል?