የኮምፒውተር አምድ፦ የሁለቱ ታንከሮች ወረፋ

የዛሬው ጽሑፍ ማረሚያ ነው። ባለፈው እትም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ እንዴት ወደ ቺፕ ሰርኪዩት እንደሚለወጥ ስጽፍ «አሬዩን ለሁለት ክፈሉት፣ ፍጥነቱ ይጨምራል» ብዬ ነበር። አንድ የሰፈራችን ልጅ ይህንን አምኖ የርቀት ትምህርቱን የቤት ሥራ ሲሠራ ሁለት ማታ ከሰረ። ጄኔሬተሩ በ3 ሰዓት እንደሚጠፋ የምታውቁ ሁለት ማታ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። የቤት ሥራው ደግሞ ዓርብ መግባት ነበረበት።

ያለፈውን እትም ላላገኛችሁ፣ ኤፍፒጂኤ ማለት ከፋብሪካ ከወጣም በኋላ ውስጡ እንደገና ሊዋቀር የሚችል ቺፕ ነው። ዛይሊንክስ እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ አቀረበው፤ ኩባንያውን ራሱን ኤኤምዲ በ2022 ገዝቶታል። ድሮ ሰርኪዩቱን በቬሪሎግ ወይም በቪኤችዲኤል በዝርዝር መጻፍ ግድ ነበር። አሁን በሲ ጽፎ ለሶፍትዌር ቢሰጡት ሰርኪዩቱን ራሱ ያወጣል። ግን ለተራ ኮምፒውተር የጻፍነውን እንዳለ ከሰጠነው የሚወጣው ሰርኪዩት ቀርፋፋ ነው።

የልጁ ሉፕ 1024 ቁጥሮች አንድ በአንድ እያነበበ ያባዛል፣ ውጤቱን ይጽፋል። ማንበብ፣ ማባዛት፣ መጻፍ፤ ለአንድ ቁጥር 3 የክሎክ ምት እንበል። ተራ በተራ ከሄደ 3072 ምት ነው። መጀመሪያ ፓይፕላይን አደረገው። ይህ ቦኖ ላይ የምናየው ነው፦ አንዷ ጀሪካን ታለቀልቃለች፣ ሌላዋ ትቀዳለች፣ ሦስተኛዋ ትከድናለች፤ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። 3072 የነበረው 1026 ሆነ። በአንድ መስመር ትእዛዝ የመጣ ነው፣ እኔ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ቀጥሎ ሉፑን አራት አራት አድርጎ ዘረጋው። አራት እጥፍ ጠበቀ፣ ያገኘው ሁለት እጥፍ ነው፤ 512 ገደማ። ለምን ቢባል አሬዩ የተቀመጠበት የቺፑ ሜሞሪ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው። ሁለት ቧንቧ ባለው ታንከር አራት ሰው ብታሰልፉ በአንድ ጊዜ የሚቀዱት ሁለቱ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ምክር ያበላሸው። ልጁ አሬዩን ለሁለት ከፈለው፤ የመጀመሪያዎቹ 512 በአንድ ሜሞሪ፣ የቀሩት በሌላው። ምንም ለውጥ የለም! ሁለት ታንከር መጣ እንበል፣ «ከ1 እስከ 512 ካርድ ያላችሁ ከዚህኛው፣ ሌሎቻችሁ ከዚያኛው» ተባለ፣ ግን ሰው የሚጠራው በተራ ቁጥር ነው። አንደኛው ታንከር ጋ ግፊያ፣ ሁለተኛው ጋ ዘበኛው ብቻውን ቁጭ። «ጎዶሎ ቁጥር ወደዚህ፣ ሙሉ ቁጥር ወደዚያ» ቢባል ኖሮ አራቱም ቧንቧ ይሠራ ነበር። አሬዩም እንደዚያው ነው። በግማሽ መቁረጥ ሳይሆን አንድ ወደዚህ አንድ ወደዚያ እያዘዋወሩ ማከፋፈል ነበረበት። የውጤቱም አሬይ በዚሁ መንገድ ካልተከፈለ ወረፋው ከማንበቢያው ወደ መጻፊያው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ይህንን አልጻፍኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ እድሜ ለመያዝ 32 ቢት አትስጡ። 7 ቢት እስከ 127 ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የኖረ ካለ እንነጋገራለን። ቢት ሲያንስ ማባዣውም ያንሳል፣ ቺፑ ላይ ቦታ ይተርፋል።

ሐሙስ ማታ አብረን ተቀምጠን ሁለቱንም አሬዮች አስተካከልን። ጄኔሬተሩ ሊጠፋ ሲል የመጣው ሪፖርት ከ260 ብዙም አይርቅም። የቤት ሥራው ተልኳል፣ ማርኩ ገና አልመጣም።

በሚቀጥለው እትም ባለነጥብ ቁጥሮችን መደመር ለምን ፓይፕላይኑን እንደሚያስቆም እጽፋለሁ። እስከዚያው ስህተት ያገኘባችሁ ወጣቶች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለማስታወቂያ ሰሌዳው ጠባቂ ስጡልኝ።