«የልጅ መጽሐፍ ነው» የሚል አዋቂ

ሶዶ ላይ አንድ አዋቂ ስለ ናርኒያ ወይም ስለ ሃሪ ፖተር ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «የልጅ ጨዋታ ነው»፣ ወይ «ጥንቆላ ነው»። መጽሐፉን ግን አልገለጠውም።

ቢገልጠውስ? የመጀመሪያው የናርኒያ መጽሐፍ መነሻው ጦርነት ነው። አራት ልጆች የለንደንን የአየር ድብደባ ሸሽተው ገጠር ይላካሉ። በቁም ሳጥን ሾልከው የሚገቡበት አገርም በአንዲት ጨካኝ ገዥ የተነሣ በረዶው አልቀልጥ ያለ ነው። ከአራቱ አንዱ ለጣፋጭ ሲል እህት ወንድሞቹን አሳልፎ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለውን ሰው አዋቂው በየመሥሪያ ቤቱ ያውቀዋል። ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1950 ሲያሳትም የታወቀ የክርስትና ጸሐፊ ነበር። የአንበሳው ሞትና መነሣት ምን እንደሚያስታውስ ለወላይታ አማኝ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሃሪ ፖተር ውስጥ አስማት መኖሩ እውነት ነው፤ ወላጅም ልጄ አያነበውም ማለት መብቱ ነው። ግን በምትኩ ምን ሰጠው?

የልጅ መጽሐፍን ቀላል ነገር ለማለት ደግሞ የወላይታ አዋቂ ከማንም በላይ አፍ የለውም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ በተሠራው «ወጋጎዳ» የተዘጋጀ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ ሲመጣ ሶዶ ተነሣች። ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ። መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ወጣ፤ ወላይታም በዓመቱ ገደማ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያን ጊዜ «ምን አለበት፣ የልጆች ደብተር አይደል?» ያለ አልነበረም። ልጁ የሚያነበው ቃል የማን እንደሆነ ደም ያስከፈለ ጥያቄ ነበር።

የዚያን ዘመን ተማሪ ዛሬ ወላጅ ነው። እስቲ ሶዶ ካለ መጻሕፍት መደብር ገብቶ ለአሥር ዓመት ልጁ በወላይትኛ የተጻፈ አንድ ወፍራም የጀብዱ ልብ ወለድ ይጠይቅ። ጥሬ ዕቃው እንደሆነ ሞልቷል። ዳሞታ ከከተማዋ ራስ ላይ ቆሟል፤ የካዎ አማዶ የድንጋይ ካብ አለ፤ አጆራ ላይ ሁለት ወንዝ ጎን ለጎን ገደል ይገባል። የጠፋው ይህን ለልጅ መጻፍ ሥራ ነው ብሎ የሚያምን አዋቂ ነው። ለጊፋታ ባነርና ቲሸርት የሚያሳትም ባለሀብት 500 ቅጂ መጽሐፍ ማሳተም አያቅተውም፤ ዩኒቨርሲቲውም ደጁ ላይ ነው።